የአስራደ ድንኳን የት ይተከል

ጉድባ ሰፈር፣ ማለዳ፤ ከእድሩ ዕቃ ቤት ደጅ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደምሰው እና ሌሊት አባቷ የሞተባት ስንዱ፣ የተጠቀለለ ድንኳን መሐላቸው ተጋድሞ።

ስንዱ፦ ድንኳኑ አይተከል አላልኩም እኮ ጋሼ። እዚህ አይተከል ነው ያልኩት።

ጋሽ ደምሰው፦ አባትሽ የኖረው እዚህ ነው። ታዲያ የት እንትከለው?

ስንዱ፦ ሳር ቤት። አክስቴ ደብሪቱ ጋ።

ጋሽ ደምሰው፦ ደብሪቱ ሳር ቤት ቤት ገዛች?

ስንዱ፦ ጋሼ…

ጋሽ ደምሰው፦ አይ፣ ሳልሰማ ቀርቼ እንደሆነ ብዬ ነው። እኔ የማውቃት ደብሪቱ የሰው ቤት ጠባቂ ናት። ባለቤቶቹ ውጭ አገር ናቸው፤ እሷ ከቪላው ኋላ ካለችው ክፍል ትኖራለች፣ አበባ ታጠጣለች፣ ውሻ ታበላለች።

ስንዱ፦ ግቢው ሰፊ ነው። እስከ ማታ ብቻ ነው የምንተክለው። ፈቅዳልኛለች።

ጋሽ ደምሰው፦ ውሻውስ ፈቀደ?

ስንዱ፦ አባቴ ሞቶብኝ ይቀልዱብኛል?

ጋሽ ደምሰው፦ አልቀለድኩም ልጄ። እኔ ሆዴ ሲባባ አፌ እንዲህ ያደርገዋል። ሌሊት ስንገንዘው አልቅሼ የወጣልኝ መስሎኝ ነበር። ነይ፣ እዚህ ድንኳኑ ላይ ቁጭ በይ። ማን ሊመጣ ነው?

ስንዱ፦ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች። ቀብሩ ላይ አይደርሱም፤ ከሥራ ሲወጡ ሁሉም በሰርቪሱ ሆነው ነው የሚመጡት።

ጋሽ ደምሰው፦ ይምጡ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ይከበራል እንጂ ይሸሻል? ንፍሮው ተጥዷል፤ አግዳሚ ከጎረቤት እድር ተውሰናል።

ስንዱ፦ እዚህ መኖሬን አያውቁም።

ጋሽ ደምሰው፦ እንዴት አያውቁም? ይሄን ሁሉ ጊዜ አብረሽ ስትሠሪ?

ስንዱ፦ ሳር ቤት ነው የሚያውቁት። ሰርቪሱ ማታ አክስቴ በር ላይ ያወርደኛል። ጥቁሩ ትልቅ በር ላይ። እጄን አውለበልብላቸዋለሁ፤ ቁልፍ እንደምፈልግ ሆኜ ቦርሳዬን እበረብራለሁ፤ መኪናው ሲታጠፍ ወደ ታክሲ እሄዳለሁ።

ጋሽ ደምሰው፦ ጠዋትስ?

ስንዱ፦ ጠዋትም እዚያው ሄጄ ነው የምጠብቃቸው።

ጋሽ ደምሰው፦ ለካ ለዚህ ነው ሳይነጋ የምትወጪው። እኔ ኪዳን የምታስደርሺ መስሎኝ የስንቱን ልጅ እናት ባንቺ ስመክር ከረምኩ። የኛ ስንዱን እዩ፣ ልጅ ማለት እሷ ናት እያልኩ።

ስንዱ፦ ይቅርታ ጋሼ።

ጋሽ ደምሰው፦ እኔን ምን አደረግሽኝ? ይልቅ ሰው ቢጠይቀኝ ምን እንደምመልስ ንገሪኝ። ጥሩንባ ነፊው ሌሊቱን ሰፈሩን አዳርሶታል። ልጆቹ የናንተ ደጅ ላይ ድንጋይ ሲለቅሙ ይሄው ነጋ። ድንኳን የሚተከለው ሟች ደጅ ነው። እድሩ ሲቋቋም ጀምሮ እንዲህ ነው።

ስንዱ፦ ሕግ መሆኑን አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ይለፉኝ ነው የምለው።

ጋሽ ደምሰው፦ ለማን ብዬ ነው የማልፍሽ? ይሄ የተቀመጥሽበት ድንኳን የማነው?

ስንዱ፦ የእድሩ።

ጋሽ ደምሰው፦ በወረቀት። ሰፈሩ ግን የአስራደ ድንኳን ነው የሚለው። አባትሽ ያልተከለበት ደጅ አለ? እንጨት ሥራውን ጥሎ፣ መዶሻውን ይዞ፣ ማንም ሳይጠራው ነበር የሚመጣው። በጉድባው በኩል ያለውን ካስማ ለማንም አይሰጥም። አፈሩ ልል ነው፣ ነፋስ ይነቅለዋል፣ ሐዘንተኛ ላይ ድንኳን ቢወድቅ ምን ይባላል ይል ነበር።

ስንዱ፦ ልጅ ሆኜ ገመዱን የምይዝለት እኔ ነበርኩ።

ጋሽ ደምሰው፦ አየሽ። ጆጉንና ሳፋውን ድንኳኑ አፍ ላይ ያስቀመጠውስ ማን ሆነና? ከሌላ ሰፈር የመጣ ሰው ጉድባውን ተሻግሮ ሲገባ ፊቱን ሲያጨማድድ አየ። ከዚያ በኋላ ማንም እጁን ሳይታጠብ አይገባም፣ ንጹሕ ሆኖ ይቀመጥ፣ ንጹሕ አድርጎ ያስበን አለ። እኛ ሳቅንበት። ዛሬ እድሩ ሁሉ ለምዶታል፤ ዳኛውም ይታጠባል። እና የዚህን ሰው ድንኳን ነው የሰው ግቢ ወስደሽ ከውሻ ቤት አጠገብ የምትተክይው?

ስንዱ፦ እሱ ቢጠየቅ እሺ ይለኝ ነበር።

ጋሽ ደምሰው፦ እሱማ ምን እንቢ ብሎሽ ያውቃል? ለዚህ ነው እኔ እንቢ የምልሽ።

ስንዱ፦ ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ዕድገት ሊሰጠኝ ነው። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ልሆን። ዕቃ ሁሉ በእጄ ሊገባ፣ ቁልፉን ልይዝ። በመጪው ሳምንት ነው የሚወሰነው።

ጋሽ ደምሰው፦ እሰይ። አስራደ ሰምቷል?

ስንዱ፦ ሰምቷል። ትናንት ማታ ነገርኩት። ሳቀ።

ጋሽ ደምሰው፦ ይሄንን ሰምቶ መሄዱ ጥሩ ነው። ታዲያ ቁልፍ ያዢ። ድንኳኑ ምን አደረገ?

ስንዱ፦ የጉድባን ልጅ ቁልፍ የሚያስይዝ ማነው? ጋሼ፣ እርስዎ ከሰፈር አይወጡም፤ ስማችን ውጭ ምን እንደሚባል አይሰሙም። የታክሲ ረዳት እንኳ ጉድባ ሲሉት መጀመሪያ የራሱን ኪስ ይዳብሳል።

ጋሽ ደምሰው፦ ስማችንን ያጠፉት ሁለት ሦስት ዱርዬዎች ናቸው። ከተማ ውስጥ ስልክ የጠፋበት ሁሉ እዚህ መጥቶ ይፈልጋል።

ስንዱ፦ ተገኝቶስ ያውቃል?

ጋሽ ደምሰው፦ …አልፎ አልፎ።

ስንዱ፦ እንግዲህ።

ጋሽ ደምሰው፦ ሌላ ሰፈር ሌባ የለም?

ስንዱ፦ ሞልቷል። ግን ሌባው በራሱ ስም ነው የሚጠራው፣ በሰፈሩ አይደለም። ከኔ ጋር ለቁልፉ የምትወዳደር ናርዶስ የምትባል ልጅ አለች። አባቷ ከሥራ አስኪያጁ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማረው። ባለፈው ዕቃ ተሳስታ ለሌላ ሰው አስረከበች። ደከማት፣ እረፍት ያስፈልጋታል ተባለ። እኔ እንደዚያ ባደርግ ደከማት አይሉም። ያውም ሰፈሬን ሳያውቁ። ዛሬ ካወቁ ደግሞ ውሸታምም ነኝ፣ የጉድባም ነኝ። የቱ እንደሚብስ እኔም አላውቅም።

ጋሽ ደምሰው፦ ውሸቱ ነው የሚብሰው። ምናሴን አታይውም? አብሮሽ ተማረ፣ አብሮሽ ተመረቀ፣ ሥራ አጥቶ እዚያ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። እሱ ግን ሰፈሬ አይደለም ብሎ አያውቅም።

ስንዱ፦ ለዚያ ነው የተቀመጠው።

ጋሽ ደምሰው፦ ምን ማለትሽ ነው?

ስንዱ፦ ምንም።

ጋሽ ደምሰው፦ ተይ እንጂ። ጀምረሽ አትዋጪው።

ስንዱ፦ አሁን ያለሁበት መሥሪያ ቤት የገባሁት ብቻዬን ሄጄ አይደለም። ከምናሴ ጋር ነው የሄድነው። የሱ ውጤት ከኔ ይበልጥ ነበር። ቃለ መጠይቁ ላይ እሱ ቀድሞ ገባ። የሚጠይቁት ወይዘሮ ሮማን ነበሩ፤ ያኔም አለቃ፣ አሁንም አለቃዬ ናቸው። ቦርሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋል። ሁሉንም ጠይቀውት፣ ደስ ብሏቸው፣ መጨረሻ ላይ ሰፈርህ የት ነው አሉት። ጉድባ አላቸው።

ጋሽ ደምሰው፦ እሺ።

ስንዱ፦ ቦርሳቸውን ቀስ ብለው አነሱና ጭናቸው ላይ አደረጉት።

ጋሽ ደምሰው፦ ምን አሉት?

ስንዱ፦ ምንም አላሉትም። እናመሰግናለን፣ እንጠራሃለን። እየሳቀ ወጣ። ሴትዮዋ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ታቀፈቻት ብሎ ነገረኝ። ለማሳቅ ነው የነገረኝ፤ እንዳልፈራ ብሎ። ቀጥሎ እኔ ተጠራሁ። ስገባ ቦርሳው ገና ጭናቸው ላይ ነበር።

ጋሽ ደምሰው፦ አንቺንም ጠየቁሽ?

ስንዱ፦ ጠየቁኝ። ዓይኔ ቦርሳው ላይ ነበር። ሳር ቤት አልኩ። አስቤበት አይደለም፤ አክስቴ ትዝ አለችኝና ከአፌ ወጣ። ወዲያው ቦርሳውን አንስተው ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡት።

ጋሽ ደምሰው፦ አይ የሰው ነገር።

ስንዱ፦ እሱ በነገረኝ ነገር እኔ ተቀጠርኩ። ውጭ ቆሞ ጠበቀኝ። እንዴት ነበር ሲለኝ፣ እኔንም አልወደዱኝም አልኩት። ከዚያ ጠሩኝ፤ እሱን አልጠሩትም። ሰርቪስ ሳር ቤት እንደሚያወርደኝ ሲሰማ ሁሉም ገባው። አንድ ቀን እንኳ ለሰው አልተናገረም። በአጠገቡ ሳልፍ አንገቴን ደፍቼ ነው የማልፈው። እሱ ነው ቀድሞኝ ሰላም የሚለኝ።

ጋሽ ደምሰው፦ እኔ ደግሞ ልጅቷ ኮራች እያልኩ ሳማሽ።

ስንዱ፦ ኩራት ቢሆን ምን አለበት።

ጋሽ ደምሰው፦ እኚያ ሮማን የሚባሉት ዛሬ ይመጣሉ?

ስንዱ፦ ከፊት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ቁልፉን የሚሰጡትም እሳቸው ናቸው።

ጋሽ ደምሰው፦ …ተነሺ።

ስንዱ፦ ለምን?

ጋሽ ደምሰው፦ ከድንኳኑ ላይ ተነሺ ልጄ፤ እንጭነዋለን። የወፍጮ ቤቱን አይሱዙ እለምናለሁ። ለሰፈሩ ሰው ደጁ ጠበበ፣ ዝናብ አስፈራን እላለሁ። ዳኛ ሆኜ አንድ ቀን ብዋሽ እድሩ አይፈርስ። ደብሪቱ ውሻውን ትሰርልን እንጂ።

ስንዱ፦ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው?

ጋሽ ደምሰው፦ እኔ ለአንቺ ቁልፍ የምሰጥበት ቤት የለኝም። ቁልፍ ያላቸው እንዲህ ከሆኑ ምን ላድርግ? ደግሞ አስራደም እንደዚህ ነበር የሚያደርገው። አድርጎታልም።

ስንዱ፦ ምኑን?

ጋሽ ደምሰው፦ ምኑንም። እንጫነው በይ፣ ገመዱን ያዢ።

ስንዱ፦ አባቴ ምን አደረገ ጋሼ?

ጋሽ ደምሰው፦ አፌ አያርፍም ብዬሽ የለ። ሬሳው ቤት ሆኖ አላወራውም ብዬ ነበር።

ስንዱ፦ ካልነገሩኝ አልነሳም።

ጋሽ ደምሰው፦ ያውቅ ነበር።

ስንዱ፦ ሳር ቤቱን?

ጋሽ ደምሰው፦ ክረምት ሲገባ ነው። ደብሪቱ የክፍሏ በር አልዘጋ ብሏት፣ ሊጠግንላት መሣሪያውን ይዞ ሄደ። ሲመለስ ሰርቪስ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ስትወርጂ አየሽ። መጀመሪያ ደስ ብሎት ሊጠራሽ አፉን ከፈተ። ከዚያ እጅሽን ስታውለበልቢ፣ ቁልፍ ስትፈልጊ አየ። ከመብራት ምሰሶው ኋላ ተከለለ።

ስንዱ፦ ለምን አልጠራኝም?

ጋሽ ደምሰው፦ እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት። ልብሴ ሁሉ ሰጋቱራ ነበር አለኝ። መጋዝ ትከሻዬ ላይ ነበር፣ ከመኪናው አንዱ ዞር ብሎ አይቶኝ ማነው ቢላት ልጄ ምን ልትል ነው አለኝ። መኪናው ሄዶ፣ አንቺም ወደ ታክሲ ሄደሽ፣ ከዓይን እስክትጠፊ ከምሰሶው ኋላ አልወጣም። እኔ ቤት መጥቶ አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጣና ነገረኝ።

ስንዱ፦ ተናዶብኝ ነበር?

ጋሽ ደምሰው፦ ቢናደድ በተሻለ። አፍሮ ነበር።

ስንዱ፦ በኔ።

ጋሽ ደምሰው፦ በራሱ። ልጄን ያማረ ቤት ባስቀምጣት ኖሮ የሰው በር ላይ አትወርድም ነበር አለ። ከዚያ ወዲህ ደብሪቱ ጋ የሚሄደው እሑድ እሑድ ብቻ ሆነ። አላስተዋልሽም?

ስንዱ፦ እሑድ ታክሲ ይቀላል ብሎኝ ነበር።

ጋሽ ደምሰው፦ ለሱ ቀሎት ነው እንግዲህ። አይዞሽ። አልቅሺ፣ ይሻልሻል። ውሸትሽን ጠብቆልሽ ነው የሞተው፤ እኛም እንጠብቅልሽ። ነይ፣ በዚያ በኩል ያዢና እንጫነው።

ስንዱ፦ ይተዉት።

ጋሽ ደምሰው፦ ከብዶሽ ነው? ልጆቹን ልጥራ።

ስንዱ፦ አይጫን። ሞቶም ከምሰሶ ኋላ አላቆመውም። ስልኬን ያቀብሉኝ፣ እዚያ ነጠላዬ ላይ ነው።

ጋሽ ደምሰው፦ ረጋ በይ ስንድዬ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው የሚወስነው ነገር ኋላ ይጸጽተዋል። ቁልፉስ?

ስንዱ፦ (በስልክ) ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ ሮማን። አዎ… አመሰግናለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የደወልኩት ለሾፌሩ አድራሻ እንዲነግሩልኝ ነው። ሳር ቤት አይደለም። ጉድባ ሰፈር። አዎ፣ ያው ጉድባ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ድንኳን ይታያል። አይ፣ የዘመድ ቤት አይደለም፣ ቤታችን ነው። ሳር ቤት የነገርኳችሁ ልክ አልነበረም። እሺ… እሺ። ማታ እንገናኛለን።

ጋሽ ደምሰው፦ ምን አሉ?

ስንዱ፦ ሰርቪሱ ማቆሚያ ያገኛል ወይ አሉ።

ጋሽ ደምሰው፦ ምን ችግር አለ፣ የሰፈሩ ልጆች ይጠብቁላቸዋል አትያቸውም ነበር?

ስንዱ፦ ጋሼ፣ የሚፈሩት እነዚያኑ ልጆች ነው።

ጋሽ ደምሰው፦ ለካስ። እንግዲህ ከመጡ አይቀር ሰፈራችን ደህና መምሰል አለበት። ጉድባው ላይ ጣውላ ይልበስበት። አጥር ላይ የተሰጣው ልብስ ይውረድ። ያቺ ጠላ ሻጯ ዛሬ አንድ ቀን በሯን ዘጋ ታድርግ። እነዚያን የድንጋይ ላይ ልጆች ደግሞ ወደ ታች ወደ ወንዙ እሰዳቸዋለሁ።

ስንዱ፦ የትኞቹን ልጆች?

ጋሽ ደምሰው፦ እነምናሴን ነዋ። ተኮልኩለው ሲታዩ ደስ አይልም። አንዱ ጠጉሩን እንደዚያ አንጨብርሮ፣ አንዱ ጫማ የለው። እንግዶቹ እስኪሄዱ ብቻ ነው፤ ኋላ ንፍሮም ራትም እልክላቸዋለሁ።

ስንዱ፦ ሌሊት አባቴን ተሸክመው ወደ ሐኪም ቤት የሮጡት እነሱ ናቸው።

ጋሽ ደምሰው፦ አውቃለሁ።

ስንዱ፦ አሁን ደጃችን ላይ ድንጋይ የሚለቅሙት እነሱ ናቸው። ዛሬ በጉድባው በኩል ያለውን ካስማ የሚመታው ምናሴ ነው። አባዬ ያስተማረው እሱን ብቻ ነው።

ጋሽ ደምሰው፦ እሱንም አውቃለሁ። ላንቺ ብዬ ነው እኮ። ሴትዮዋ እሱን አይታ ነገሩ እንዳይከፋብሽ ብዬ…

ስንዱ፦ ጋሼ።

ጋሽ ደምሰው፦ አቤት።

ስንዱ፦ እርስዎም?

ጋሽ ደምሰው፦ …እኔም። አየሽ፣ ከንጋት ጀምሮ ስገሥጽሽ ቆይቼ፣ ሰዎቹ ገና ከቤታቸው ሳይነሱ ልጆቼን መደበቂያ ፈለግሁላቸው። እዚህ ሰፈር ተወልጄ፣ እዚህ ሸብቼ። ዳኛ ነኝ ደግሞ። እባክሽ ለምናሴ እንዲህ ማለቴን አትንገሪው።

ስንዱ፦ እኔ ለሱ የምነግረው የራሴ ብዙ አለኝ። መጀመሪያ እሱን ልጨርስ።

ጋሽ ደምሰው፦ ታዲያ ማታ የት እናስቀምጠው? ከሽማግሌዎቹ ጎን ላድርገው?

ስንዱ፦ አይቀመጥም። ድንኳኑ አፍ ላይ እጅ የሚያስታጥበው ማነው?

ጋሽ ደምሰው፦ አስራደ ነበር። እሱ ካመመው ወዲህ ምናሴ ነው።

ስንዱ፦ ዛሬም እሱ ይሁን። ፈቃዱ ከሆነ፤ እኔ እለምነዋለሁ። ሌላ ሰው ጆጉን እንዳይነካበት።

ጋሽ ደምሰው፦ ሴትዮዋ ያስታውሱት ይሆን?

ስንዱ፦ አላውቅም። ግን የአባቴ ድንኳን ውስጥ እጁን ሳይታጠብ የሚገባ የለም፤ እጅ ለመታጠብ ደግሞ ቦርሳን የሆነ ቦታ ማስቀመጥ ግድ ነው።